ያረጁ የፈተና ጥያቄዎችን በጡረታ ለማሰናበት የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 49/100

በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ወረቀትና አሳይመንት ላይ ያለ ዕረፍት ያገለገሉ፣ በሥራው ጥርሳቸውን የነቀሉ ጥያቄዎች መኖራቸው ስለተረጋገጠ፤ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በክብር ሲሰናበት እነርሱ ግን ቁጥራቸው እየተቀየረ፣ አንዳንዴም ሳይቀየር፣ ዛሬም ወደ አዳራሽ እየተጠሩ በመሆኑ፤ ተማሪ መልስ ኮረጀ ተብሎ ሲቀጣ ጥያቄው ራሱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አካል ባለመኖሩ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ የተፈጻሚነት ወሰን። ይህ አዋጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መሰላሉን ነው። ካልኩለስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ግድግዳ የተደገፈ፣ እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ በሰከንድ 1 ሜትር የሚንሸራተት፤ ጫፉ በምን ፍጥነት ይወርዳል? በሰከንድ 0.75 ሜትር። ይህን ለመመለስ ካልኩለስ አያስፈልግም፤ አንድ ዓመት የቀደመ የዶርም ጓደኛ ይበቃል። ከፊዚክስ ሰበቃ በሌለው ዘቅዛቃ ጣውላ ላይ የሚንሸራተተው ሳጥን፣ ከባዮሎጂ የሜንዴል አተር፣ ከታሪክ «የዘመነ መሳፍንትን መለያ ባሕርያት ዘርዝር» ተካተዋል። የሎጂክ ኮርሱ ሶቅራጥስ ጉዳይ በልዩ ሁኔታ ይታያል፤ አቴና ላይ መርዙን የጠጣው በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ያውም አንዴ ሆኖ ሳለ፣ «ሁሉም ሰው ሟች ነው» እየተባለ በየሴሚስተሩ መገደሉ ከሰብአዊ መብት አንጻርም የሚያስነሳው ነገር አለ። 10 ዓመት ያገለገለ ማንኛውም ጥያቄ የጡረታ መብቱ ይጠበቅለታል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ኩረጃ። ኩረጃ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ሕጉ እስካሁን የያዘው ግን አንደኛውን ብቻ ነው። ተማሪው መልሱን ከጓደኛው ወረቀት ሲገለብጥ በፈታኝ ይያዛል፤ መምህሩ ጥያቄውን ከመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ መጨረሻ ሲገለብጥ «ፈተና አወጣ» ይባላል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀድሞ ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ በሌላ ተተክቷል፤ አገር ምድሩም ጉድ ብሏል። ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንድ የኮሌጅ ጥያቄ ከነመልሱ በግቢው በር ፎቶ ኮፒ ቤት ለዓመታት ተጠርዞ ሲሸጥ «ሾለከ» የሚለው የለም፤ እንዲያውም ስሙ ሃንድአውት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው የሾለከበት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ከፈተናው ጥቂት ቀደም ብሎ ወጣ፣ ሌላው ተማሪው ግቢ ከመግባቱ በፊት። ጥያቄው የተኮረጀ ሆኖ ሳለ መልሱ ስለተኮረጀ ብቻ አንድ ወገን መክሰስ ፍትሕ ስላልሆነ፣ በጡረታ በተሰናበተ ጥያቄ ላይ ኩረጃ ሲገኝ ቅጣቱ በተፈታኙና በፈታኙ መካከል እኩል ይከፈላል።

አንቀጽ 3፤ ጡረታ ሞት ስላለመሆኑ። ያረጀ ጥያቄ አይገደልም፤ የሥራ ዝውውር ይሰጠዋል። መሰላሉን እንውሰድ። እግሩ በዚያው በሰከንድ 1 ሜትር መሄዱን ከቀጠለ፣ ጫፉ ከመሬት 1 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው በሰከንድ 500 ሜትር ያህል እየወረደ ነው፤ ከድምፅ ይፈጥናል። ጥቂት ዝቅ ሲል ደግሞ ብርሃንን ሊቀድም ነው። እንዲህ ያለ መሰላል መርካቶም አይገኝ። ስሌቱ ላይ ስህተት የለም፤ ጫፉ ግድግዳውን ሳይለቅ፣ እግሩም ፍጥነቱን ሳይቀይር እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ የተባለው ግምት ነው ያልያዘው። ተማሪው «ቀመሩ መዋሸት የሚጀምረው የት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሜንዴልም እንዲሁ። «3 ለ 1» የሚለውን መልስ ከማስቆጠር ይልቅ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተማቸው ቁጥሮች ይሰጡ፤ 5474 ድቡልቡል፣ 1850 የተጨማደደ አተር። ከሚጠበቀው የሚለየው 19 ፍሬ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 የሜንዴልን ሙከራዎች በጠቅላላ መርምሮ ውጤታቸው ከመጠን በላይ ያማረ መሆኑ አጠራጥሮታል፤ ተማሪው ይፍረድ። በዘመነ መሳፍንትም ባሕርያት ከማስዘርዘር የየጁ መኳንንት ጎንደር ላይ ንጉሥ ማንሳትና መጣል ከቻሉ ለምን ራሳቸው እንዳልነገሡ መጠየቅ ይሻላል፤ ለዚህ በፎቶ ኮፒ ቤት የተጠረዘ መልስ የለም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ቀረቡ ተቃውሞዎች። የመጀመሪያው «ድግግሞሽ ልምምድ ነው» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ስለዚህ መሰላሉ በወርክሺት ላይ እንደ ጡረተኛ አማካሪ መሥራት ይችላል፤ ማርክ መያዝ ግን አይፈቀድለትም። ሁለተኛው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂ ሁሉ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ማምጣት ስላለበት ተማሪው የምርጫ ጥያቄ ይልመድ ይላል። ይህ አዋጅ ከምርጫ ጋር ጠብ የለውም፤ «ከሚከተሉት ግምቶች መጀመሪያ የሚፈርሰው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅም ምርጫ ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ስለ ፍትሐዊነት የቀረበው ነው፤ አዲስ ጥያቄ ከገጠር የመጣውን፣ መሠረቱ የደከመውን ተማሪ ይጎዳል ተብሏል። ይጎዳው ይሆናል። ነገር ግን የድሮውን ፈተና መጀመሪያ የሚያገኘው ማን ነው? በግቢው ታላቅ ወንድም ያለው፣ ሲኒየር የሚያውቅ፣ የጥራዙን ዋጋ የሚችል ነው። ማንንም ሳያውቅ ሻንጣውን ይዞ የገባው ልጅ በአዲስ ጥያቄ ፊት ቢያንስ ከሌላው ጋር እኩል ግር ይለዋል። ቻትጂፒቲ አዲሱንም ይመልሰዋል ለሚሉት፦ አዎ፣ ይመልሳል። ስለዚህ አሳይመንት ያስረከበ ተማሪ ለ3 ደቂቃ ቆሞ የጻፈውን ያስረዳል። ለ80 ተማሪ 4 ሰዓት ነው፤ 80 አንድ ዓይነት ወረቀት ከማረም ብዙም አይከብድም።

አንቀጽ 5፤ ቅጣትና የጸና ጊዜ። ጡረታ የወጣን ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ለውጦ ወደ ፋይናል የመለሰ ፈታኝ፣ ከቢሮው ሳይወጣ የክፍሉን ወረቀት በሙሉ በአንድ ቀይ እስክሪፕቶ ያርማል፤ ከቢጤዎቹ የተለየ አንድ መልስ ቢያገኝ ትክክል መሆን አለመሆኑን በሦስት መስመር ጽፎ ይመልሳል። ይህ አዋጅ ከምዝገባ ማግስት ጀምሮ ለአምስት ዓመት የጸና ይሆናል፤ ቀጣዩ አርቃቂ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀይሮ መልሶ ቢያወጣው በአንቀጽ 2 ይጠየቃል።