ሽማግሌ ያጣው ሼክስፒር

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ አስተማሪውም ቴሌቪዥን ሆነ፤ ፕላዝማ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት አድርጎ ደሴ ይወርዳል፤ በዚያችው ደቂቃ ጋምቤላም ጅግጅጋም ይወርዳል። ፕላዝማ አይጠብቅም፣ አይደግምም፣ እጅ ቢወጣለትም አያይም። በውስጡ የምታስተምረው ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ እኛ ገጹን ፈልገን ሳናገኝ “ቬሪ ጉድ! ዌል ደን!” ብላ ታልፋለች። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይህን ያህል የተመሰገነ ክፍል በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን በሥነ ጽሑፍ የተመረቀ ሰው ነበር። ፕላዝማ ከገባ ወዲህ ግን ሥራው ሳጥኑን ማስከፈት፣ ድምፁን መጨመርና ለሴትዮዋ ጥቁር ሰሌዳ ማጥፋት ሆኖ ቀረ። ደግነቱ መብራት ይሄዳል። ሴትዮዋ አፏን እንደከፈተች ድርግም ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ “እሰይ!” ይላል፤ ቲቸር ደግሞ ኮቱን አስተካክሎ ወደ መሀል ይመጣል። የመሰናዶ ሥነ ጽሑፍ የተማርነው በዚያ ጨለማ ነው። ጨለማ ስል ማጋነኔ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱን ሲሸፍነው ግን ከጨለማ ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ የመጣው ኦቴሎ ነው። ቲቸር የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጋር ደርቦ ይዞ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጁ እያነሳ ያወራልናል። እኛ የናቹራል ልጆች ነን፤ ሐሳባችን ያለው ፊዚክስ ላይ ነው። የኦቴሎ ሚስት መሀረብ ሲጠፋ ግን ፊዚክስም አብሮ ጠፋ። ተንኮለኛው ኢያጎ የገዛ ሚስቱን እጅ ተጠቅሞ መሀረቡን አገኘ፣ ካሲዮ ቤት ጣለው፣ ኦቴሎም ሚስቴ ከዳችኝ ብሎ አመነ። ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ አለ።

“ቲቸር፣ ይሄ ካሲዮ የሚሉት ማን ነው?”

“የኦቴሎ ምክትል። ሚስቱን ሲያጫት ጊዜ አብሮት እየሄደ ይማልድለት የነበረ።”

“ሚዜው ነዋ!”

ክፍሉ ታመሰ። ሚዜ ማለት ለሙሽራዪቱ ወንድም ማለት ነው፤ ተጣልታ ብትኮበልል ሄዶ የሚያስታርቃት፣ ባል ቢበድላት የምታመለክትበት ሰው ነው። እንግዲህ ኦቴሎ በሚስቱ የጠረጠረው ሚዜውን ነው፤ ጠርቶም አልጠየቀውም። የክፍሉ ፍርድ በዚያው ተሰጠ፤ ጥፋተኛው ኢያጎ ሳይሆን ሥርዓት የማያውቀው ባል ነው። ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ኦቴሎ እናት፣ አክስት፣ የክርስትና ልጅ፣ አንድ ዘመድ እንኳ አጠገቡ አለመኖሩን ነቅሳ አወጣች። “ዘመድ የሌለው ሰው ወሬ ይበላዋል” አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ኦቴሎ ብዙ የተጻፈ አንብቤያለሁ፤ እሷን የሚያስንቀኝ አላገኘሁም።

ሮሚዮና ዡልየት ሲመጣ ነገሩ ባሰ። ከበደ ሚካኤል የተረጎሙት መሆኑን ቲቸር በኩራት ነግሮን ታሪኩን ገና ሲጀምር፣ ሁለት ቤተሰብ ደም ተቃብቷል እንዳለ፣ ከሰሜን ወሎ የመጣው ልጅ “አባጋር የላቸውም እንዴ?” አለ። ለማያውቅ ሰው፣ አባጋር በዚያ አገር ደም ሲፈስ መሀል ገብቶ ገዳይንና የሟችን ወገን የሚያስታርቅ፣ ቃሉ የማይታለፍ ሽማግሌ ነው። ቬሮና ውስጥ አባጋር አለመኖሩን ቲቸር ሲያረጋግጥለት ልጁ አዝኖ ተቀመጠ። ለእሱ ቀሪው አራት ገቢር ትርፍ ነው።

ለሌሎቻችን ግን ዋናው ጉድ ገና ነበር። ነፍስ አባትየው ሁለቱን ልጆች ወላጅ ሳያውቅ በስውር አጋባ። ይህንንስ ይቅር አልነው። ቀጥሎ ለልጅቷ 42 ሰዓት ሬሳ አስመስሎ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጣት!

“ነፍስ አባት?” አለች አንዷ እያማተበች።

“አዎ።”

“ንስሐ የሚሰጥ ነፍስ አባት?”

ጉዳዩን ለሮሚዮ የሚያስረዳው ደብዳቤም አልደረሰም፤ ይዞ የሄደው መነኩሴ ወረርሽኝ አለበት ተብሎ ቤት ተዘጋበት። ለዚህ ብቻ ክፍሉ ምሕረት አደረገ፤ መልእክት በመንገድ መቅረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነፍስ አባትየውን ግን ከነቆቡ አወገዝነው። ቲቸር ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማል። “ሼክስፒር አልገባችሁም” ብሎን አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ ሲለው ቾኩን በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ ነጭ ዱቄት ኮቱ ላይ ያዘንባል።

ኢንትራንስ ሲደርስ እንግሊዝኛው ስለ ሚዜም ስለ ነፍስ አባትም አልጠየቀንም። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጦ ሲሚሊ ነው ሜታፎር ነው ይላል፤ ፊደሏን አጥቁሮ ማለፍ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሴትዮዋም አስተምራን ነበር፤ ፍትሕ አላጎደለችም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ራሴላስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን የጻፈው፣ የሐበሻ ልዑል ታሪክ ነው። ጆንሰን አገራችንን ረግጧት አያውቅም፤ የሚያውቃት ወጣት ሳለ ሎቦ የሚባለውን የፖርቱጋል ቄስ የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ስለነበር ነው። እናቱ ሲሞቱ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ ፈልጎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጨረሰው ይባላል። ልዑሉ የሚኖረው በተራራ በተከበበ፣ ምንም በማይጎድልበት የደስታ ሸለቆ ነው። ቲቸር መነሻው የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ የነበረበት ታሪክ መሆኑን ሲነግረን ክፍሉ ተንጫጫ። ግሸን እኮ ጎረቤታችን ናት! ግማሾቻችን በመስከረም 21 ለንግሥ በእግራችን ወጥተናታል። “የምን ደስታ፣ ዳገቱን ጠይቁኝ!” አለ አንዱ ጉልበቱን እየያዘ።

ራሴላስ ድሎቱ ሰለቸውና ሊወጣ ፈለገ። ምክንያቱን ለማስረዳት ቲቸር ስለ ሰው ልጅ አለመርካት ሊተነትን አፉን ሲከፍት “ገባን፣ ገባን” አልነው። በዚያ ዓመት ዲቪ ያልሞላ ተማሪ በክፍሉ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ቤት ነጭ አንሶላ ተደግፈን የተነሳነው ፎቶ ገና በየደብተራችን መሀል ነው። ልዑሉ ተራራውን ሰርስሮ ከእህቱ ጋር ወጣና ካይሮ ገባ። “በግብፅ በኩል?” አለ የኋላ ወንበር። “መንገዱ ያኔም እሱ ነው!”

ካይሮ ላይ ሀብታሙን አየ፣ ሊቁን አየ፣ መናኙን አየ፤ ደስተኛ የሚባል ሰው አጣ። መብራት እንዳይመጣ እየጸለይን መጨረሻውን ጠየቅን። ቲቸር መጽሐፉን አጠፈና ልዑሉና ጓደኞቹ ወደ ሐበሻ ለመመለስ እንደ ወሰኑ ነገረን።

ለሚዜው የተሟገተው ልጅ ከወንበሩ ተነሳ።

“ካይሮ ድረስ ገብቶ ይመለሳል? ቲቸር፣ አሁን ገና ልብ ወለድ መሆኑ ገባኝ።”