ሚስተር ለማን ፍለጋ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። መዋሉንስ ይውላል፤ የት እንደሚውል ግን የሚነግረን የለም። ዛሬ ዛሬ ብዙ ስም የሚውለው የዩኒቨርሲቲዎችና የጆርናሎች ዲጂታል መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ከእነማን ጋር ጎረቤት እንደሚሆን ደግሞ ባለስሙ አይጠየቅም። ሕፃን ሁሉ ክርስትና ሲነሣ የሚያለቅሰው ይህን አስቀድሞ አውቆ ይመስለኛል።

የአባታቸው ስም ለማ የሆነ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። በወጣትነታቸው ከተመራማሪዎች ጋር ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ ቀንድ አውጣ ይለቅሙ ነበር። ቡና በተፈላ ቁጥር «ስሜ በፈረንጅ መጽሔት ታትሟል» ይላሉ። ልጆቻቸው «እሺ አባዬ» ብለው ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ደግሞ «መብራት ሂሳብ ላይ በትክክል ቢጻፍ ለእኔ ይበቃኝ ነበር» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ከሁለተኛው ቡና በኋላ እኔን ያዙኝ። «አንተ ልጅ ከኮምፒዩተር አትጠፋም። በል አውጣልኝና እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ይያዙ።»

የመጽሔቱን ስም አያስታውሱም፤ ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ። የያዝነው ስም ብቻ ነው። ፈረንጅ ሰውን የሚመዘግበው በመጨረሻው ስም ስለሆነ፣ ላፕቶፔን ከረከቦቱ አጠገብ ዘርግቼ ለማ የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፍኩና ፍለጋውን ለቀቅሁት።

መጀመሪያ የመጡት የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ትልቁን ቲዎረም ለማረጋገጥ መንደርደሪያ የምትሆናቸውን ትንሽ ቲዎረም ሌማ ይሏታል፤ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ከእኛ ለማ በምንም አትለይም። ዞርን ሌማ፣ ፋቱ ሌማ፣ ሽዋርትዝ ሌማ እያለ ገጹ ወደ ታች ይወርዳል። ጎረቤቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ዝርዝሩን ተመለከቱ።

«ይሄ ዞርን የሚሉት ልጅ የማን ነው?»

«ጀርመን ነው ጋሼ።»

«ለማ የሚባል አባት ጀርመን አገርም አለ?»

እንዳይስቁብኝ ፈርቼ አስረዳሁ፤ እሳቸው ግን ከሒሳቡ ይልቅ ዝምድናው ነው የያዛቸው። የበርንሳይድ ሌማ ላይ ስንደርስማ ነገሩ ወደ ሽምግልና ዞረ። እንግሊዛዊው ዊልያም በርንሳይድ እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተሙት መጽሐፍ ውጤቱ የፍሮቤኒየስ መሆኑን ጽፈው ነበር። ከፍሮቤኒየስም በፊት ፈረንሳዊው ኮሺ ያውቁት ነበር። ተከታዮቹ ግን በበርንሳይድ ስም አጸደቁት፤ አሁን «የበርንሳይድ ያልሆነው ሌማ» እያሉ የሚቀልዱ የሒሳብ ሰዎች አሉ። «አየህ» አሉኝ ጎረቤቴ፣ «ሰውየው የእኔ አይደለም እያለ ሸለሙት፤ እኔ የእኔ ነው እያልኩ የሚሰማኝ አጣሁ።»

ሒሳቡን አልፈን እርሻ ውስጥ ገባን። የሣር ዘሮችን የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ አበባዋን ከውጭ የምታቅፈውን ስስ ልባስ በዚሁ ስም ይጠሯታል። ጤፍ የሣር ዘር ነውና የጤፍ ጥናት ሁሉ ለማ በለማ ነው። ታደሰ እባ እ.ኤ.አ. በ1975 ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ባወጡት ሥራ 35 የጤፍ ዓይነቶችን ለይተው ገልጸዋል፤ የዚያች ልባስ ቀለም ከመለያዎቹ አንዱ ነው። ታደሰ ራሳቸው ግን በብዙ ጽሑፎች ግርጌ «እባ» ሆነው ነው የሚገኙት፤ ሥራውን ልጅ ሠርቶ አባት ተጠቅሰዋል። የቋንቋ ሊቃውንትም በበኩላቸው የመዝገበ ቃላትን መሪ ቃል ሌማ ስለሚሉ ሌላ ክምር ጽሑፍ አመጡብን። ይባስ ብሎ የመፈለጊያው ሳጥን «ለምና ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ በኩሬ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ አረንጓዴ ተክል ናት። ባለቤታቸው ከስኒው ቀና ብለው «ማን ናት ደግሞ ለምና የምትበላው?» አሉ።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ሰው ሰው የሚሸት ውጤት መጣ። መንግሥቱ ለማ! የ«ጠልፎ በኪሴ» እና የ«ያላቻ ጋብቻ» ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሰነኛኘት የጻፉት ጥናት ከነገጹ ተቀምጧል። የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው መጽሐፍ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ የአባትን ስም አውቆ በክብር ማስጠራት እንዲህ ነው። ያንን መጽሐፍ በአማርኛ ልፈልግ ብዬ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ኃይሉን አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በብዙኃኑ ኀ ጽፎታል፤ ማሽኑ ሦስቱንም የማይተዋወቁ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ቀጥለው በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የታወቁት የቢሾፍቱው ሠዓሊ ለማ ጉያ ብቅ አሉ። ጎረቤቴ «እኚህንስ አውቃቸዋለሁ፤ ግን ቀንድ አውጣ አልለቀሙም» ብለው አሰናበቷቸው።

ከዚያ አክሊሉ ለማ መጡ፤ ጎረቤቴም ከወንበራቸው ተነሡ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋልና፣ እናቶቻችን በሳሙና ምትክ የሚቀጠቅጡት ፍሬ የበሽታውን ሰንሰለት ሊቆርጥ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዲያውም አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ያ ጀርመን ዞርን ሌማውን ያሳተመበትም ዓመት ይኸው ነው። ለጎረቤቴ ስነግራቸው «ያው ወንድማማች ናቸው አላልኩህም?» አሉ።

እዚህ ደርሰን ደግሞ ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጥናቶች መዝገብ ተጋረጠብን። እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ድረስ የጸሐፊን የራስ ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ነበር የሚይዘው። «ለማ ኤ» ይልና ይቆማል። አክሊሉ ይሁን፣ አበበ ይሁን፣ አልማዝ ትሁን አንባቢው ይጨነቅበት። በዚያ ላይ አንዱ ኤምን ሁለቴ ይጽፋታል፣ ሌላው በአንድ ይቆጥባል፣ ሦስተኛው ሊቅ ነኝ ብሎ አናባቢው ላይ ሁለት ነጥብ ይጭናል።

በመጨረሻ ስሙን ተውኩት። ጎረቤቴን ስለ ስማቸው ከመጠየቅ ስለ ሥራቸው መጠየቅ ይሻላል ብዬ፣ የት ወንዝ፣ ምን ዓይነት ቀንድ አውጣ፣ ከነማን ጋር እያልኩ አናገርኳቸው። ወንዙን፣ ቀንድ አውጣውንና ቢልሃርዝያን አንድ ላይ አድርጌ ስፈልግ ሒሳቡም ሣሩም ተንኖ ጠፋ፤ በጣት የሚቆጠሩ ጽሑፎች ቀሩ። ከነዚያ የአንዱ መጨረሻ ላይ፣ ማንም በማያነበው የምስጋና አንቀጽ ውስጥ፣ ናሙና በመሰብሰብ ስለረዱ ይመሰገናሉ ከተባሉት መካከል አገኘነው። ሚስተር ለማ ይላል። ሌላ የለም።

ቤቱ በደስታ ጮኸ። ልጆቹ አባታቸውን ሳሙ፤ ባለቤታቸውም እልል አሉ። እሳቸው ግን ስክሪኑን ደጋግመው አነበቡና ፊታቸው ጠቆረ። «ሚስተር ለማ እኮ አባቴ ናቸው! አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ቀንድ አውጣ በእጃቸው ነክተው አያውቁም! ስድስት ሰዓት ፀሐይ ውሃ ውስጥ የቆምኩት እኔ፣ ተመሰገኑ እሳቸው!»

እውነታቸውን ነው። በአገራችን የመጨረሻው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ሰውን በመጨረሻው ስሙ የሚያሰልፍ መዝገብ የእኛን ምሁራን አባቶች በሙሉ ተመራማሪ አድርጎ አስቀምጧል። ሊስተካከል የማይችል ነገርም አይደለም። ከሐምቡርግ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ሰዎቻችንን በራሳቸው ስም ነው ያሰለፋቸው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ኦርኪድ የሚባል ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ መለያ አለ፤ በነፃ የሚወጣ ነው። ቁጥር ስም አይሆንም፤ ግን የዞርን ወንድም ከመባል ያድናል።

እንግዲህ ጥናት የምታሳትሙ ልጆቻችን ሆይ፣ ስማችሁን አንድ ጊዜ መርጣችሁ ሁልጊዜ በዚያው ፊደል ጻፉ፤ የራሳችሁንም ስም በአንድ ፊደል አታሳጥሩ። ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ተራራ ወጥተው ናሙና ያመጡላችሁን ሰዎች ስታመሰግኑ ደግሞ ስማቸውን ከነአባታቸው አስፍሩ። ቀለሙ ያው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ይጨምራል።