የምልክት ያለህ!

ኮድ ስንጽፍ የምናድር ሰዎች እሮሮአችን ብዙ ነው። መብራቱ አለ፣ ኔትዎርኩ አለ፣ «ዛሬ ያልቃል አይደል?» የሚል አለቃ አለ። እኔን አንጀቴን የምታሳርረኝ ግን ያቺ ሁለት ጭረት ናት፤ የእኩል ምልክት።

ዌልሳዊው ሮበርት ሪኮርድ እ.ኤ.አ. በ1557 ያወጣት «እኩል ነው» እያሉ ደጋግሞ መጻፍ ስላሰለቸው ነበር። ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ አለቀ። በ1957 ፎርትራን የተባለው የኮድ ቋንቋ መጣና «የቀኙን ወስደህ ግራው ውስጥ አስቀምጥ» አደረጋት። ሀ = ሀ + 1! የሒሳብ አስተማሪ ቢያየው ጠመኔውን ይወረውራል። አልጎል ለማስቀመጫው := ብሎ ሊገላግለን ሞክሮ ነበር፣ ፓስካልም ተከተለው። ቢ የተባለው ቋንቋና ልጁ ሲ ግን፣ ማስቀመጥ ከማነጻጸር ይበዛልና አጭሯ ለእሱ ትሁን ብለው ማነጻጸሪያውን == አደረጉት። አንድ ጣት ቆጠቡልን፤ እኛ ደግሞ የጎደለችውን ጭረት ስንፈልግ እናነጋለን። ሲ እንደሆነ ስህተት ነው አይልህም፣ የዛሬው ኮምፓይለር ቢበዛ ያጉረመርማል። ጃቫስክሪፕት ሁለቱ አልበቃ ብሎት === ጨመረ። አራተኛዋን እየጠበቅን ነው።

«እኩል አይደለም» ለማለትማ ሁሉም በየፊናው ነው፤ ሲ !=፣ ፓስካል <>፣ ሉአ ~=፣ ሃስኬል /=። ይህቺ የመጨረሻዋ ሲ ዘንድ «አካፍለህ አስቀምጥ» ናት። 2 ^ 3 ሉአ ዘንድ 8፣ ፓይተን ዘንድ 1። ኧረ ተስማሙ!

በእርግጥ ድህነትም አለበት። አስኪ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ላይ የሚታተሙት ባዶ ቦታዋን ጨምሮ 95 ናቸው፤ እሷና ፊደሉ ቁጥሩም ሲወጡ 32 ምልክት ይቀራል። ቋንቋው ሁሉ በአንድ ቦኖ እንደሚሰለፍ ሰፈር እዚያው ላይ ይጋፋል። ኬኔት አይቨርሰን ለኤፒኤል የራሱን ምልክቶች ቢያወጣ ልዩ ኪቦርድ አስፈለገ። ዛሬ ዩኒኮድ ላይ ≠ አለች፤ የትኛውን ቁልፍ ተጭኜ ላምጣት? ለአማርኛ ጽሑፍ ኪቦርድ የምንቀያይር እኛማ፣ ሳንመልሰው ቀርተን በ; ፋንታ ፤ ስትገባ ኮምፓይለሩ የሚያወርደውን እርግማን እናውቀዋለን።

ፓይተንም ብዙ ቆይቶ := ላስገባ አለ። ክርክሩ ከመጦፉ የተነሳ ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 በቃኝ ብሎ ከመሪነቱ ወረደ። ምልክቷ ግን ገባች። ታዲያ እንደ ፓስካል መስሎህ ሀ := 1 ብለህ ብቻዋን መስመር ላይ ብታስቀምጣት፣ ስህተት ነው ይልሃል።