ይድረስ ለግራው ቀስት

ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ በመግቢያው ግድግዳ ላይ፣ ኮዬ ፈጬ

ጉዳዩ፦ ስላደረሱኝ ቦታ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ቀስት፣

ባለፈው ቅዳሜ ከሥርዎ «የውሃ ውይይት» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። እርስዎም ወደ ግራ ጠቆሙኝ፤ አመንኩዎትና ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሲወራ የነበረው ስለ ካርታ ነው። እኔ የቧንቧው መስመር ካርታ መስሎኝ፣ ውሃችን የት ላይ እንደሚጠፋ በሥዕል ሊያሳዩን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካስ የቤት ካርታ ኖሯል! ሳልነቃ እጄን አወጣሁ፤ «ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ አይደርስም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ጸሐፊዋ በቃለ ጉባኤው ላይ «በካርታ አሰጣጥ ላይ ከላይ ግፊት አለ» ብላ መዝግባለች አሉ።

የውሃው ውይይት በስተቀኝ ፎቅ ላይ ነበር። እዚያ ደግሞ ካርታ ፍለጋ የመጡ አንድ ጋሼ ተነሥተው «ለእኔ መቼ ነው የሚደርሰኝ?» ቢሉ፣ «በፈረቃ» ተባሉ። እስከ ዛሬ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አልቀየምዎትም። እርስዎም የሰፈሩ ልጅ ነዎት። የካቲት 27 ቀን 2011፣ ኮዬ ፈጬ ያሉትን ጨምሮ፣ የ51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በ1997 እና በ2005 የተመዘገበው ቆጣቢ ስሙን ሰምቶ እልል አለ። ብዙም ሳይቆይ ኮዬ ፈጬ የማን ናት የሚል ተቃውሞ ተነሣ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰናቸው መስማማታቸው የተነገረው ነሐሴ 2014 ላይ ነው። ለባለዕድሉ የቤት ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቤቱ የሚቆምበት ከተማ ገና በክርክር ላይ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሁለት አስተዳደሮች ለመስማማት ሦስት ዓመት ተኩል ከፈጀባቸው፣ አንድ ወረቀት ላይ የተሣለ ቀስት አቅጣጫውን በአንድ ጠዋት እንዲያስተካክል እንዴት ይጠበቃል?

የፊታችን ቅዳሜም ስብሰባ አለ። እርስዎን ወደ ቀኝ ማዞር በጀት የሚጠይቅ ከሆነ፣ እባክዎ አለቆችዎን ይለምኑልን፤ የውሃውን ውይይት ወደ ግራው አዳራሽ ያውርዱት።

ከሰላምታ ጋር፣
ካርታ ጠያቂ ተብሎ የተመዘገበ ውሃ ጠያቂ

ግልባጭ፦
ለቀኙ ቀስት (ሲሰቀል)