ውዳሴ ታይፎይድ ወታይፈስ

በከተሞቻችን ትኩሳት የነካው፣ ራሱን የከበደው፣ ወገቡን የቆረጠመው፣ እህል አልወርድ ያለው፣ ወይም እንዲያው ሰኞ ጧት ከመኝታው መነሣት የተሳነው ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋም ይሁን ድኃ፣ ሊቅም ይሁን ጨዋ፣ በሰፈሩ ወዳለው ክሊኒክ ሄዶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ከክንዱ ጥቂት ደም ሰጥቶ፣ በአግዳሚው ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢታገሥ፣ ያለ አድልዎ የሚታደለው አንድ ጸጋ አለ፤ ይኸውም «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ቃል የሰፈረበት ቍራጭ ወረቀት ነው። ነገሥታትና መንግሥታት በሕዝባቸው መካከል እኩልነትን ለማምጣት ስንት አዋጅ አውጀው ያልሆነላቸውን ነገር አንዲት ጠባብ የላብራቶሪ ክፍል በጥቂት ጠብታ ደም ፈጽማው ስትገኝ ማመስገን እንጂ ማጕረምረም አይገባምና፣ እኔም አቅሜ በፈቀደልኝ መጠን ይህችን አጭር ውዳሴ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

የጸጋው ታላቅነት የሚታወቀው የሁለቱ ደዌዎች ባሕርይ ሲታወቅ ነው። ታይፎይድ፣ ወይም የአንጀት ተስቦ፣ ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ የሰው ዐይነ ምድር በነካው ውሃና ምግብ አማካይነት ወደ ሆድ ገብቶ፣ ከዚያም በደም ተሰራጭቶ የሚያመጣው ጽኑ ሕማም ሲሆን፣ ፍቱን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከመቶ ሕሙማን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑትን ይገድል ነበር። ታይፈስ ደግሞ በልብስ ስፌት ውስጥ በሚኖረው ቅማል የሚተላለፍ፣ የቅማሉም ኵስ በታከከ ቆዳ በኩል ሲገባ የሚጀምር፣ ካልታከመም ከመቶው እስከ 40 የሚደርሱትን የሚፈጅ መቅሠፍት ነው። እንግዲህ የአንዱ መንገድ በመጸዳጃ ቤት፣ የሌላው መንገድ በልብስ ስፌት በኩል ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ እንደ ጴጥሮስ ወጳውሎስ በአንድ ቀን እንዲታሰቡ ያደረጋቸው የእኛ ክሊኒክ ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ አንድነት ለሚሰበክባት አገር ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይገኛል እላለሁ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የወገናችን ጽናት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሪኬትስ የታይፈስን ነገር ሲመረምር በሽታው ይዞት በ1910 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሜክሲኮ ሞተ፤ ፕሮዋዜክም በዚያው ምርምርና በዚያው በሽታ በ1915 ተከተለው፤ ሳይንስም ለሁለቱ ሰማዕታት መታሰቢያ እንዲሆን ተሕዋሱን ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ብሎ ሰየመው። የእኛ ሰው ግን ይኸንኑ ሰው በላ ደዌ ከታይፎይድ ጋር አዳብሎ በሰውነቱ ተሸክሞ፣ በእግሩ እየተራመደ ክሊኒክ ይገባል፤ ስለ ካርዱ ዋጋ ይከራከራል፤ ስልኩን ያነሣል፤ ውጤቱን በኪሱ ካደረገ በኋላም ማታ ሰርግ ይታደማል። ምናልባት እነዚያ ሁለቱ ሊቃውንት ዕድል ገጥሟቸው ከሰፈራችን ክሊኒኮች በአንዱ ካርድ አውጥተው ቢሆን ኖሮ፣ በሳምንቱ ወደ ሥራቸው በተመለሱ ነበር።

ስለ ቅማሉም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ሳለ፣ የታይፈስ ሕመምተኛ ከሆስፒታሉ በር ላይ ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ አስተውሎ፣ በ1909 ተላላፊው ቅማል መሆኑን አረጋገጠ፤ ለዚህም ሥራው በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህ ምርምር በእኛ ዘንድ እጅግ በጨዋነት የተሸፈነ ምስጢር ሆኖ ይኖራል። ከረባቱን አሥሮ፣ ሸሚዙን አስተኵሶ፣ ሽቱ ተቀብቶ የመጣውን የባንክ ሠራተኛ ሐኪሙ «ታይፈስ አለብዎት» ሲለው፣ ያ ሰው በትካዜ ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱን ይቀበላል፤ ለመሥሪያ ቤቱም አሳይቶ የሕመም ፈቃድ ይወስዳል። ያው ሐኪም «ጌታዬ፣ ኮትዎንና ሸሚዝዎን ያውልቁና ስፌቱን እንመልከት፤ ቅማል ሳይኖርብዎ አይቀርም» ቢለው ግን፣ ክሊኒኩ በጩኸት ይናወጥ፣ ነገሩም ስም በማጥፋት ክስ ፍርድ ቤት ይደርስ ነበር። ተላላፊው ሲጠራ የሚያሳፍር፣ በሽታው ሲጠራ የሚያስከብር ደዌ በዓለም ላይ ሌላ ይኖር እንደ ሆነ አላውቅም። በዚህም ምክንያት ሐኪሙ ስለ ቅማል አይጠይቅም፤ ሕመምተኛውም አይናገርም፤ ሁለቱም በፍቅር ይለያያሉ።

ይህ ሁሉ በረከት የሚቀዳው ከሁለት ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ፌርናንድ ዊዳል በፓሪስ ሲሆን፣ ዘመኑም 1896፣ አባቶቻችን በአድዋ ድል ካደረጉ ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ዊዳል የታይፎይድ ሕመምተኛ የደም ውሃ ከጀርሙ ጋር ሲገናኝ ጀርሞቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደሚቋጠሩ አሳየ፤ ለዚያም ዘመን ታላቅ ነገር ነበረ። ነገር ግን ይህ ምርመራ የሚጠይቀው «ይህ ሰውነት ይህንን ጀርም ወይም ከዘመዶቹ አንዱን አይቶ ያውቃልን?» ብሎ ነው እንጂ «ዛሬ ያሳመመው እርሱ ነውን?» ብሎ አይደለም። ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነ፣ የተከተበ፣ ወይም ሌላ የሳልሞኔላ ዘር በአንጀቱ ያለፈበት ሰው ሁሉ «አዎን» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ጀርሙ በተለመደበት አገርም በወረቀቱ ላይ 1፡80 የሚል ቍጥር ጤነኛው ሰው ቢመረመር እንኳ ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚያዝዘው፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሁለተኛ ደም እንዲወሰድና ቍጥሩ በአራት እጥፍ ማደጉ እንዲታይ ነው። ይህ ግን ሰውን ማንገላታት ይሆናል። በግማሽ ሰዓት የተገኘውን ስም ለማረጋገጥ ማን ሁለት ሳምንት ይጠብቃል? በሁለት ሳምንት ውስጥማ ጕንፋኑ በራሱ ጊዜ ለቆት ይሄድና ሕመምተኛው ያለ በሽታ ይቀራል።

ሁለተኛው ምርመራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ ያሰኘኛል። ቫይልና ፌሊክስ የተባሉት ሊቃውንት በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1916፣ የታይፈስ ሕሙማን የደም ውሃ ፕሮቴውስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ እንደሚቋጥር አስታወቁ። ይህ ፕሮቴውስ ታይፈስን አያመጣም፤ ከቅማልም ጋር ዝምድና የለውም፤ እንዲያው በመልኩ ከበደለኛው ጋር በጥቂቱ ይመሳሰላል። ነገሩ፣ በሬ የሰረቀውን ሰው ማግኘት ያልሆነለት ዳኛ፣ አፍንጫው ሌባውን የሚመስለውን ጎረቤት አስጠርቶ፣ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁን?» ብሎ መንደርተኛውን እንደ መጠየቅ ነው። መንደርተኛውም በእርግጥ ያውቀዋል፤ ጎረቤት ነዋ። የሠለጠኑ ላብራቶሪዎች ይህንን ጥበብ ለታሪክ መጽሐፍ ትተው ወደ ሌላ ምርመራ ከተሻገሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እኛ ግን ቅርስ ጠባቂ ሕዝብ ስለ ሆንን ይዘነዋል።

ቀናተኞች ተመራማሪዎች ይህንን በረከት ለመቍጠር መሞከራቸው አልቀረም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ትኩሳት ኖሯቸው ታይፎይድ በተጠረጠረባቸው 270 ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2014 የታተመው ጥናት፣ የዊዳልን ምርመራ ከደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም ውስጥ አብቅሎ ከማየት ጋር አስተያየው። ዊዳል 88ቱን «አለባችሁ» አላቸው፤ ከእነዚህ ከ88ቱ መካከል ጀርሙ ከደማቸው የበቀለው አምስቱ ብቻ ነበሩ። በካልቸር ከተረጋገጡት ከሰባቱም ሁለቱን ዊዳል «ደኅና ናችሁ» ብሎ ሸኛቸው። ካልቸርም ቢሆን ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል የሚል ተከራካሪ ይነሣል፤ ክርክሩም እውነት አለበት፤ እንግዲያውስ አምስቱን በለጋስነት አሥር እናድርጋቸውና፣ ሰባ ስምንቱ በምን ይሆን የታመሙት?

ይህን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የክሊኒክን ኑሮ የማያውቅ ነው። የደም ካልቸር ቀናትን ይፈልጋል፤ መሣሪያውም በሰፈር ክሊኒክ አይገኝም። ሕመምተኛውም የመጣው ለማወቅ ሳይሆን ለመሰየም ነው፤ በሽታው ስም ካላገኘ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል። «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃ ይጠጡ፤ ይረፉ፤ በሦስተኛው ቀን ካልተሻለዎ ይመለሱ» የሚል ቅን ሐኪምም አለ፤ ብዙዎችንም አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ከእርሱ ዘንድ ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ወደ ሌላው ክሊኒክ ይገባል፣ በዚያም ታይፎይዱን ተቀብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጡ ዘመዶቻችንም ሐዘናቸው ይኸው ነው፤ በአሜሪካ ስንት መድን ከፍለው፣ ስንት ወር ቀጠሮ ጠብቀው የታዩት ሐኪም አንዲት ታይፎይድ እንኳ ሊያገኝላቸው አልቻለም፤ እዚህ ግን በመጡ በሳምንታቸው ሁለቱም ይገኝላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ደዌው የግል ንብረት ይሆናል። «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» ይላል ባለቤቱ፣ እንደ አሮጌ ወዳጅ እያቆላመጠ፤ ያ ጀርም ከዓመት እስከ ዓመት በጎኑ ተኝቶ የሚነቃ ይመስለዋል።

ወደ ቀኖናው እንለፍ። ስሙ ከተሰጠ በኋላ ሲፕሮ ይታዘዛል፤ ለታይፈሱም ዶክሲሳይክሊን ይጨመራል፤ ኪሱ ለሚችል ሰው የሴፍትሪያክሶን መርፌ፣ ክብር ለሚወድም ግሉኮስ ይሰቀልለታል። እነዚህ መድኃኒቶች በቦታቸው ሲውሉ እጅግ የከበሩ ናቸው፤ የቅማሉን ታይፈስ አንድ ጊዜ በአፍ የሚወሰድ 200 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን ሊፈውሰው መቻሉ ራሱ ተአምር ነው። ችግሩ ጀርሞች እንደ እኛ መዘንጋት አለማወቃቸው ነው። ክሎራምፌኒኮል በ1948 ለሁለቱም ደዌዎች ፈውስ ሆኖ ሲገኝ ዓለም እልል አለ፤ በ1972 ግን በሜክሲኮ ይህንን መድኃኒት የማይፈራ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። በ2016 ደግሞ በፓኪስታን በሲንድ ክፍለ ሀገር ክሎራምፌኒኮልንም፣ አምፒሲሊንንም፣ ኮትሪሞክሳዞልንም፣ የሲፕሮን ወገንም፣ ሴፍትሪያክሶንንም የናቀ ታይፎይድ ታየ፤ ለሐኪሞቹም በአፍ ከሚወሰዱት ውስጥ አዚትሮማይሲን ብቻ ቀረላቸው። ታይፎይድ በሌለበት ሰው አንጀት ውስጥም ቢሆን መድኃኒቱ ሥራ አይፈታም፤ በዚያ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ሲፕሮን እንዴት መቋቋም እንደሚቻል ያስተምራቸዋል። በትምህርት መስፋፋት የማይደሰት ሰው ካለ ይህንን ይንቀፍ።

የወባው ትኩሳት፣ በቅማል የሚመጣው ግርሻ፣ ሳንባ ነቀርሳው፣ የኩላሊቱ ሕመም፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ጥላ ሥር ተሰብስበው፣ አምስት አምስት ቀን ሲፕሮ እየወሰዱ፣ እውነተኛ ስማቸው የሚጠራበትን ቀን ይጠብቃሉ። ከእነርሱም መካከል አልፎ አልፎ አንድ ያልታደለ ሰው ይገኛል፤ ይኸውም ታይፎይድ በእውነት የያዘው ነው። እርሱም እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ያንኑ ወረቀት ተቀብሎ፣ ያንኑ ኪኒን ገዝቶ፣ በሦስተኛው ቀን ጥቂት ሲሻለው እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ አቋርጦ፣ የቀረውንም ለእኅቱ ልጅ ሰጥቶ ይሰነብታል። በሦስተኛው ሳምንት አንጀቱ ተበስቶ፣ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ በታክሲ ተጭኖ ትልቁ ሆስፒታል ሲደርስ፣ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ጓንቱን እያጠለቀ «ከዚህ በፊት ምን ሕመም ነበረበት?» ብሎ እናቲቱን ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ሐኪሙን በከንቱ ላለማስጨነቅ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «ኧረ ሌላስ ሕመም የለበትም ዶክተር፤ ያው የተለመደው ታይፎይድና ታይፈስ ነው፤ እሱማ በየዓመቱ ይነሣበታል» ይሉታል።