ከእግር በፊት ጠረጴዛው

እግር ማሳረፊያ በሌለበት ቢሮ ሥራ ይሠራል ብሎ ማሰብ ድፍረት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ዘንበል ያለች ጥቁር ፕላስቲክ ካልተቀመጠች ማኅተም በምን አቅም ይመታል? ስለዚህ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ግዢ ኮሚቴ ፈርሞ፣ ዕቃው በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ከኃላፊው ጫማ ሥር ሲደርስ እልል ሊባል ይገባል፤ በተለይ ይህ በጅማና በሰቃ ሲሆን። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠርቦ የሚያወጣ አካባቢ፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ፕላስቲክ ከባሕር ማዶ ያስመጣል። ሥልጣኔ ይሏል ይሄ ነው።

ማሳረፊያው ጥቅም የለውም አልልም። እግሩ የተንጠለጠለ ሰው ጭኑ በወንበሩ ጠርዝ ይጫናል፣ ደሙ እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ወገቡም ከመደገፊያው ይሸሻል። ግን ማን አንጠለጠለው? የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይቆማል። አጠር ያለች ሠራተኛ ክርኗን ከጠረጴዛው ለማስተካከል ወንበሯን ከፍ ታደርጋለች፤ እግሯ አየር ላይ ይቀራል፤ ከዚያ መድኃኒት ይገዛላታል፣ ያውም ተራዋ ከደረሰ። በርጩማ ጠራቢው ግን ተቀማጩ መሬት እንዲረግጥ አድርጎ ይሠራል፤ ሦስት እግሩም ጎርባጣ ወለል ላይ አይንገዳገድም። ሠርተፊኬት ስለሌለው ኤርጎኖሚክስ አልተባለለትም እንጂ። የአካባቢው ቡና ራሱ የተሻለ ዕድል አለው፤ አየር እንዲያገኝ፣ አፈር እንዳይነካው፣ የሚያገላብጠውም ሰው እንዳይጎብጥ ወገብ የሚደርስ የማድረቂያ አልጋ ተሠርቶለት ይሰጣል። የቡናው ደብዳቤ የሚጻፍበትን ጠረጴዛ ቁመት ግን ለፋብሪካው ትተንለታል።

«ነፍሰ ጡር አለች፣ እግሩ የሚያብጥ አለ» ይባላል። እውነት ነው፤ ለእነሱ ዛሬውኑ ይገዛ። ታዲያ ዕቃው ሲመጣ ቀድሞ የሚቀመጠው ለምን እግሩ ከመሬት ደርሶ በሚተርፈው ኃላፊ ሥር ይሆናል? ጸሐፊዋ የወረቀት ካርቶን ትርገጥ። መፍትሔው ጠረጴዛውን ማሳጠር ነው። «ጠረጴዛ መቁረጥ የመንግሥት ንብረት ማበላሸት ነው» የሚልም አይጠፋም፤ የሠራተኛዋ ወገብ በንብረት መዝገብ ስላልሰፈረ መበላሸቱ አይቆጠርም መሰለኝ። አራቱ እግሮች እኩል ይቆረጡ፤ ነገ ረጅም ሰው ከተመደበ ከሥራቸው ጣውላ ይደረግ። ንብረት ክፍሎች ሆይ፣ ፕሮፎርማውን ተዉትና ጠረጴዛውን ለአናጢ ላኩ። ጅማ መጋዝ አላጣችም።