መቀሱ ይባረክ

ያለ ሐኪም ማዘዣ በሚሸጡ መድኃኒቶች ላይ የሚወጣው ገላጭ ጽሑፍ ይሻሻል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ምኑ እንደጎደለበት ግራ ይገባኛል። ጽሑፉ እንደሆነ አለ። የጉንዳን ዐይን በምታህል ፊደል፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ታትሞ፣ ደጋግሞ ታጥፎ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። ካርቶኑ ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በሽተኛው እቤቱ ነው። ሁሉም በየቦታው በሰላም ተቀምጦ ሳለ ማንን እንረብሽ?

ለዚህ ሰላም ትልቁ ባለውለታ መቀስ ነው። አሥር ፍሬ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው «አራት ፍሬ ስጪኝ» ሲል ባለሙያዋ ስትሪፑን ቆረጥ አድርጋ ትሰጠዋለች። የመድኃኒቱ ስም ለሁለት ይከፈላል፤ ለእሱ «ፓራሲ» ሲደርሰው «ታሞል» ቀጣዩን ደንበኛ ይጠብቃል። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ ቀለም ዳር ላይ የተጠቀጠቀ፣ ወደ ብርሃን ካላዘነበሉት የማይታይ ነገር ስለሆነ ያ ጫፍ ለማን እንደሚወጣ ዕጣ ነው። (በባለሙያዋ አልፈርድም፤ ሙሉውን ካልገዛህ ሂድ ብትለው ራስ ምታቱን ይዞ ሊመለስ ነው። ስሙንና ቀኑን በእያንዳንዱ ፍሬ ጀርባ ማተም የነበረበት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ግን መቀስ ስለማይዝ አይታይም።)

ዕጣው የወጣለት ሰው ደስታ ደግሞ ልዩ ነው። ጫፉን ወደ መስኮት አዘንብሎ 08/2024 የሚል ያነባል። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። ይቆጥራል፤ ገና ስድስት ዓመት! እንዲህ ያለ ዕድሜ የሚሰጥ ፋብሪካ ይኑርልን ብሎ ኪኒኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ለልጅ ልጆቹ ያስቀምጣል። ያ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ጊዜው ያለፈው በነሐሴ 2016 ነው። የቤት ኪራይ ውል ላይ «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» ካልተለየ ጠበቃ ይጠራል፤ ለስብሰባ መጥሪያ እንኳ ሁለቱንም ቀን እንጽፋለን። ሰው የሚውጠው ነገር ላይ ሲደርስ ግን ቀኑ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር ሆነ። ወሩንማ ተዉት፤ ስምንተኛ ወር ሲባል ሚያዝያ ነው ያለ ገበሬ ምን አጠፋ?

የተቆረጠው ስትሪፕ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ይገባል፤ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ይጻፋል። ትምህርት ቤት እንደተማርነው አንድ ሲባዛ በሦስት ሦስት ነው፤ ሦስቱን በአንዴ የዋጠ ሰው ሒሳቡን አልተሳሳተም። «ከምግብ በኋላ» ከተጨመረበትም፣ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ሦስቱንም ያቺን አንዲት ማዕድ ተከትለው ቢወስዱ ትእዛዙን አክብረዋል። ሁዳዴና ረመዳን በየዓመቱ በሚመጡበት አገር «ጾመኛ ከሆኑ ባለሙያ ያማክሩ» የምትል መስመር ማተም ለካ ቅንጦት ኖሯል።

በዚህ ላይ ሻንጣው አለ። ልጅ ከቨርጂኒያ ለእናቷ ታይሌኖል ትልካለች፤ ብልቃጡ ላይ «አሴታሚኖፌን» ተጽፏል። የሰፈሩ ፋርማሲ የሸጠላቸው «ፓራሲታሞል» ይባላል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ እናት ግን የአሜሪካኑን ለወገብ፣ የእኛን ለራስ ምታት መድበዋቸዋል። ጉንፋን ሲመጣ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ከጉንፋን ኪኒኖች ብዙዎቹ ውስጥም ይኸው ፓራሲታሞል አለ። ጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም። ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ ጨዋ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን አይጮህም። ትንሽ ማቅለሽለሽ ይኖር ይሆናል፤ «ምግቡ አልተስማማኝም» ይባላል። ማርከሻው በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ሲሰጥ ነው፤ ሰውየው ግን ዐይኑ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ምን እንደሚጠረጥር አያውቅም። ካርቶኑ ፊት ላይ በጉልህ «ፓራሲታሞል አለበት፤ ከሌላ ፓራሲታሞል ጋር አይወሰድ» ቢባል ግን ምን ይባላል? ገበያ ይረበሻል።

ለውጥ የማይሻው ወገን ሁለት መልስ አለው። አንደኛው «ሕዝቡ አያነብም» ነው። እውነት ነው፤ በማይችለው ቋንቋ፣ በማይታይ ፊደል፣ በማይደርሰው ወረቀት የተጻፈ ነገር የማያነብ ሕዝብ ሰነፍ ነው። ሁለተኛው «ይጠና» ነው፤ ይኼኛው እንኳን የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሕፃን አስፕሪን መስጠት አንጎልና ጉበት ከሚያጠቃው ሬይ ሲንድረም ጋር እንደሚያያዝ አስጠነቀቀ። በዚያ ዓመት የተመዘገቡት ሕሙማን 555 ነበሩ። በ1982 መንግሥት ማስጠንቀቂያው ብልቃጡ ላይ ይጻፍ ሊል ሲነሳ የአስፕሪን አምራቾች «ማስረጃው ይጠና» አሉ፤ ሐሳቡም ተመለሰ። ግዴታ የሆነው በ1986 ነው። ከ1987 እስከ 1997 በአንድ ዓመት ከ36 በላይ ሕሙማን አልተመዘገቡም። ጥናቱ ደርሷል ማለት ነው፤ የዘገየው ብልቃጡ ላይ መጻፉ ነው።

እኛ በሕግ በኩል አንታማም፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። የጎደለን፣ አሻሻዮቹ እንደሚሉት፣ ስሙን በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ መጠኑንና ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ማተም ነው። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች የሚሰጡት መልስ «ካርቶኑ ላይ ቦታ የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንዱን የራስ ምታት ካርቶን አገላብጬ አይቻለሁ። የፋብሪካው ዓርማ የፊቱን ግማሽ ይዟል፤ በቀረው ላይ ግንባሯን ይዛ የምትስቅ ቆንጆ ሴት አለች። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ለማስገባት የሴትዮዋን አንድ የጆሮ ጉትቻ ማንሳት ሊያስፈልግ ነው፤ ማን ይደፍራል?